ኬሂንዴን ዙሪክ የወሰድኳት ዕለት

ባለፈው ወር ከሥራ ወጥቼ ትራም ስጠብቅ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። የላከችው ታይዎ ናት። ያኔ ከትምህርት ቤት እየተቀበልኩ የምጠብቃት የሰባት ዓመት ልጅ ዛሬ አሥራ ስድስት ሞልቷታል፤ ሰላምታዋም እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ያለ ነው። «እማማ በሐምሌ ጠቅልላ ወደ አገሯ ልትገባ ነው» ትላለች። «ከመሄዷ በፊት፣ ያኔ ኬሂንዴን ይዘሽ የሄድሽበትን የዙሪክ ቤተ ክርስቲያን አይታ ሻማ ማብራት ትፈልጋለች። አድራሻውን ትልኪልን?»

ትራሙ መጣ፤ አልተሳፈርኩም። ቀጥሎ የመጣውም አለፈኝ። የምልከው አድራሻ አልነበረኝም። ኬሂንዴን የትም ቤተ ክርስቲያን ወስጃት አላውቅም።

እናቴ እኔን ይዛ ጄኔቫ የገባችው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በነበረው ዓመት ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። የምንኖረው ቶኔ ነበር፤ ከቤታችን ወጥቶ ጥቂት የተራመደ ሰው ፈረንሳይ ይገባል። ፈረንሳይኛን ከሰው አፍ ይልቅ ከመጽሐፍ ስለተማርኩ ስጽፍ ደህና ነኝ፤ ስናገር ግን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በሆዴ ሁለት ጊዜ ሳልለው አይወጣም። እስክዘጋጅ ድረስ ደግሞ ወሬው ያልፋል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የሥነ ጥበብ ታሪክ ስማር ሦስት ዓመት ሙሉ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። ስሜን የሚያውቅ መምህር ቢኖር አንድ ነው።

ሥራ ያገኘሁት በሦስተኛው ዓመት፣ ኦ ቪቭ በሚባል ሰፈር፣ ከሐይቁ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ካለ አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሠሪዬ የዮሩባ ሴት ነበረች፤ ከቤኒን፣ ከፖርቶ ኖቮ። መዝገብ ላይ ያለው ስሟ ሌላ ነው፤ የሚያውቃት ሁሉ ግን ኢያ ኢቤጂ ይላታል፣ የመንታዎች እናት ማለት ነው። እኔም ኢያ እላት ነበር። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች፤ ገና ደረጃው ላይ ሳለች ሳቋ ቤት ይገባል፤ ከገባች በኋላ መጀመሪያ የምትፈልገው እግሯን የምትዘፈዝፍበት ሙቅ ውሃ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ልጇን አስተዋወቀችኝ። «ይቺ ታይዎ ናት» አለች። ከዚያ ወደ ግድግዳው መደርደሪያ ዞር ብላ፣ «ያቺ ደግሞ ታላቋ፣ ኬሂንዴ።»

ልጅ ፈለግኩ። ያየሁት ከስንዝር ትንሽ የምትበልጥ የእንጨት ምስል ነው። ታይዎ ከለበሰችው ጨርቅ የተቆረጠ ቀሚስ ለብሳለች፣ ከፍ ብሎ የተሠራ ጸጉሯ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፣ ትልልቅ ዓይኖቿ ፊት ለፊት ያያሉ። እጄን ዘረጋሁ እንዴ ወይስ አልዘረጋሁም? ብቻ «ደስ ብሎኛል» ማለቴ ትዝ ይለኛል፤ ታይዎ ከት ብላ ሳቀች።

ኢያ ነገሩን በሌላ ቀን ነገረችኝ። በእነሱ ዘንድ መንታ ሲወለድ ቀድሞ የሚወጣው ታይዎ ይባላል፤ ዓለሙን ቀምሶ እንዲያይ የተላከ ነው። ላኪው ኋላ የሚመጣው ኬሂንዴ ነው፤ ታላቅ ስለሆነ ያዛል። ከመንታዎቹ አንዱ ሲሞት ጠራቢ ዘንድ ተሄዶ ኤሬ ኢቤጂ፣ የመንታ ምስል፣ ይሠራለታል፤ እናትየዋ እንደ ልጇ ትይዘዋለች። የሄደው ተረሳሁ ብሎ ቅር እንዳይለው፣ የቀረውንም እንዳይጠራው። ኬሂንዴ የሞተችው በአራት ወሯ፣ ፖርቶ ኖቮ ነው። ምስሉን ያሠሩት የኢያ እናት ናቸው። ጠራቢ ሕፃን አይጠርብም፤ ልጅቷ አድጋ ቢሆን የምትሆነውን ይሠራል። ስለዚህ ከቀሚሱ ሥር ያለችው ጡት ያላት ሙሉ ሴት ናት። ይህንን ስትነግረኝ አፍሬ ወለሉን አየሁ።

መጀመሪያ ላይ እሷ ካለችበት ክፍል ስገባ በልቤ አማትብ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው እንጨት ሲመገብ ሲያይ ምን ይላል? ኢያ እኮ በየእሁዱ ቅዳሴ የምትሄድ ካቶሊክ ናት፤ ሁለቱ ነገር እንዴት እንደተስማሙላት ጠይቄያት አላውቅም። ግን ሰው ይለምዳል። ጠዋት ጠዋት ኢያ ጣቷን ውሃ ውስጥ ነክራ የኬሂንዴን ፊት ታጥባለች፣ ከግንባር ወደ አገጭ፣ ልክ የታይዎን እንደምታጥበው። ቅዳሜ ኬሂንዴ ገላዋን ታጥባ ዘይትና ቀይ ዱቄት ትቀባለች። ማታ ትተኛለች፣ ጠዋት ትነሣለች። ቦሎቄ በፓልም ዘይት ሲሠራ፣ ሽንኩርቱ ጠቆር እስኪል ተጠብሶ ቤቱን ሲሞላው፣ የመጀመሪያዋ ማንኪያ የእሷ ናት። ከብዙ መታጠብ የተነሣ አፍንጫዋና ከንፈሯ ለስልሶ፣ ሳሙና ሲያልቅ እንደሚሆነው ሆኖ ነበር።

ታይዎም ጥፋቷን ሁሉ በእሷ ታላክክ ነበር።

«ቸኮሌቱን ማን ጨረሰው?» እላለሁ።

«ኬሂንዴ ናታ።»

«አፏ ላይ ግን ምንም የለም።»

«ትታጠባለች እኮ! እንደ እኔ መሰለችሽ?»

ኅዳር ላይ ሴሚናሩ መጣ። ዙሪክ ያሉ ተማሪዎችና እኛ ኦርሊኮን በሚባለው የዙሪክ ሰፈር፣ ፋብሪካ የነበረ ቤት ውስጥ፣ አንድ ቀን አብረን እንድንውል ተወሰነ፤ ሁሉም ስለ አንድ የተጠረበ ወይም የተቀረጸ ዕቃ አሥር ደቂቃ ይናገራል። ሌሎቹ ፎቶግራፍ ይዘው እንደሚመጡ ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣብኝ። እኔ፣ ማንም የማያየኝ፣ እውነተኛውን ነገር ይዤ ብገባስ? መምህራችን ዓመቱን ሙሉ በሥዕል የሚያሳዩንን ነገር ጠረጴዛው ላይ ባቆመውስ?

ማስፈቀድ እንዳለብኝ አውቄያለሁ። አላወቅኩም ብል ውሸት ነው። ሐሙስ ማታ ኢያ እግሯን ዘፍዝፋ ተቀምጣ ሳለ አጠገቧ ቆምኩ።

«ምን ልትዪኝ ነው ልጄ? ፊትሽ የሆነ ነገር አለው» አለችኝ።

«ነገ ዙሪክ ትምህርት ስላለኝ ታይዎን እናቴ ትቀበላታለች።»

«እሱንማ ነግረሽኛል። ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

እምቢ እንደምትለኝ ስላወቅኩ አልጠየቅኩም። ለዓመታት ይህንን ዓይናፋርነት ብዬ ለራሴ አስረዳሁት።

አርብ ጠዋት ታይዎን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ በተሰጠኝ ቁልፍ ተመልሼ ገባሁ። ኬሂንዴ ታጥባ፣ ለብሳ፣ ተቀምጣለች። በአንገት ልብሴ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከመጻሕፍቱ መካከል ከተትኳት። ቦርሳው አልዘጋ ሲለኝ በጭንቅላቷ ዘቀዘቅኳት።

ባቡሩ ውስጥ ቦርሳውን እላይ ማስቀመጥ ፈርቼ ጭኔ ላይ ያዝኩት። ሐይቁ ዳር የወይኑ እርከኖች ቢጫ ሆነዋል፤ ከፍሪቡር በኋላ ጉም ሁሉን ነገር ሸፈነው፤ በርን ላይ የወጡት ሰዎች ጀርመንኛ ማውራት ጀመሩ። እኔ ማስታወሻዬን አነባለሁ። «ይህ ዕቃ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ስሟን የትም ቦታ አልጻፍኩትም።

ተራዬ የደረሰው ከምሳ በኋላ ነው። ከአንገት ልብሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ሳቆማት ወንበሮች ተጠጉ። እንደዚያ ታይቼ አላውቅም። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ስለ መንታዎቹ፣ ስለ ስማቸው፣ ስለ ቦሎቄው፣ ኢያ የነገረችኝን ሁሉ መጽሐፍ ላይ ያገኘሁት አስመስዬ ተናገርኩ። ምስሉንም «የምናውቃቸው ቤተሰቦች አውሰውኝ ነው» አልኩ።

የዙሪኩ መምህር ትሑት ሰው ናቸው፤ በቀስታ ፈረንሳይኛ አመሰገኑኝና፣ «ጨርቁን ብናነሣው ቅርጹን ማየት እንችል ነበር» አሉ።

እጄ ቆመ። እኛ ዘንድ ታቦት በልብስ ተሸፍኖ ነው የሚወጣው። ቄሱ በራሳቸው ተሸክመውት ሲያልፉ ሰው ይሰግዳል እንጂ ግለጡልኝ፣ ልየው የሚል የለም። ይህንን በዚያች ቅጽበት፣ በግልጽ፣ አስቤዋለሁ። ይህንን ያላሰበ ሰው ቢያደርገው አንድ ነገር ነው። እኔ አስቤ አወለቅኩት። ቀሚሷን ከወገቧ ፈትቼ ጎን አስቀመጥኩት፤ እሷም ጡቷ ተገልጦ፣ እጆቿን ጎኗ ላይ አድርጋ፣ በመብራቱ ሥር ቆመች።

ተቀባበሏት። አንዱ ገልብጦ እግሯን አየ፣ አንዷ አሸተተቻት፣ አንዱ በሣንቲሜትር ለካት። በመጨረሻ መምህሩ እጃቸው ላይ አገላበጧትና ፈገግ አሉ።

«አዲስ ናት» አሉ። «አሥር ዓመትም አይሞላት። ይህ የፊቷ ማለቅ ደግሞ የገበያ ሥራ ነው፤ አሮጌ እንድትመስል በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጓታል። ለቱሪስት የሚሠራ ነው፤ ግን ለትምህርት ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ።» ተማሪዎቹ ጻፉ።

ያንን ፊት ያለሰለሰችውን ጣት አውቃታለሁ። በየጠዋቱ ቆሜ አይቻታለሁ። «አይደለም፣ እናቷ ናት ያጠበቻት» ማለት አራት ቃል ነው። ግን እንደዚያ ካልኩ እናት አላት ማለት ነው፤ እናት ካላት ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለች? ስለዚህ ራሴን ነቀነቅኩ። እሳቸው ልክ እንደሆኑ አድርጌ ነቀነቅኩ። አጨበጨቡልኝ። ዕቃዬን ስሰበስብ የራሳችን መምህር ትከሻዬን መታ አድርገው፣ «አየሽ፣ መናገር ትችያለሽ» አሉኝ።

የመልሱ ባቡር ሎዛን ሳይደርስ፣ ሜዳ ላይ ቆመ። ብልሽት ነው ተባለ። ያኔ እናቴ ደወለች።

«ማህሌት፣ የት ደረስሽ? ይቺ ልጅ አልበላም ብላኛለች።»

«ምን አቀረብሽላት እማዬ?»

«ያላቀረብኩት ምን አለ? ፓስታ አልኩ፣ እንቁላል አልኩ። ታላቄ ሳትበላ አልበላም ነው የምትለው። እህት አላት እንዴ? አልነገርሽኝም እኮ!»

«አዎ… አላት።»

«ታዲያ የት ናት? ማን ጋ ትታችኋት ነው ይቺ ልጅ እንዲህ እስክትሆን? ይዘሻት ነይ በቃ፣ ለሁለቱም አቀርባለሁ።»

ቦርሳው ጭኔ ላይ ነበር። «እሺ» አልኳት።

ቶኔ ስደርስ መሽቷል፤ በሩን የከፈተችልኝ እናቴ ናት፣ ከኋላዋ ኢያ። የሥራ ልብሷን አልቀየረችም። ቤቷ ገብታ መደርደሪያውን ባዶ ስታገኘው ሌባ ገባ ብላ፣ ከዚያ ታይዎ እንኳ እንዳለች ላረጋግጥ ብላ ነበር እስከ ቶኔ የመጣችው። ዓይኖቿ አብጠዋል። ቦርሳውን አየች፣ እኔን አየች። ምንም ከማለቴ በፊት እናቴ ቀደመችኝ።

«እኔ በዚች ስብርብር ፈረንሳይኛዬ ነግሬያታለሁ፣ አትጨነቂ» አለችኝ በአማርኛ። «የጠፋችው የሞተች ልጄ ምስል ናት አለች፣ አለቀሰች። ልጄ መጥፎ ነገር አታደርግም፣ ዙሪክ ያሉት ቄስ ጋ ለጸሎት ወስዳት ይሆናል አልኳት። ለሞተ ሰው ሌላ ምን ይደረጋል?»

እናቴ ይህንን ያለችው ከልቧ አምናበት ነው። እኛ ሰው ሲሞትብን ስሙን ለቄስ እንሰጣለን፤ በየዓመቱ ስሙ ይጠራል። ልጇ የሰው ሙት ይዛ ከተማ አቋርጣ ከሄደች ለሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል በሐሳቧም አልመጣም።

ኢያ ሁለት እጄን ያዘች። «እውነት ነው? ቤተ ክርስቲያን ወሰድሻት?»

ሦስት ሰዎች አዩኝ፤ ታይዎ ከጠረጴዛው ሥር ሆና ጭምር።

«አዎ» አልኩ።

«ስሟን ጠሩት?»

«ጠሩት።»

«ከአንቺ ሌላ የነካት አለ?»

«የለም። እኔ ብቻ።»

ቀሚሷን ባቡር ውስጥ በችኮላ ነበር ያለበስኳት፤ ማሰሪያው በፊት በኩል ዞሯል። ኢያ አስተካከለችው፤ ቄሱ ሲባርኳት ተፈቶ ነው ብላ ገምታ መሆን አለበት። ደረቷ ላይ አስጠግታ አቀፈቻት። «ስትነግሪኝ ምን አለበት?» አለች እያለቀሰች፣ «አብሬሽ እሄድ ነበር እኮ።» ታይዎ ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ ፓስታዋን ጠየቀች፤ መጀመሪያ ለእህቷ፣ ከዚያ ለራሷ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኢያ ትልቅ ድስት ቦሎቄ ሠርታ እኔንና እናቴን ጠራችን፤ የጎረቤት ልጆችም መጡ። የመንታ እናት ስትደሰት ቦሎቄ ለልጆች ታበላለች። ከኬሂንዴ ቀጥሎ ማንኪያው ለእኔ ተሰጠ። ጣፋጭ ነበር፤ ሙሉውን በላሁ። ከሴሚናሩ ያገኘሁት ውጤት ከተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ከፍተኛው ሆነ። ሰኔ ላይ፣ ፈተና በዛብኝ ብዬ ሥራውን ተውኩት። እናቴም ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አልጠየቀችኝም፤ አልፎ አልፎ ግን ለሰው ስታወራው እሰማለሁ፣ በኩራት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ዝምታዬን እንደ ጨዋነት ያዩልኝ ሰዎች ገጥመውኛል። ረጋ ያለች ናት፣ ሰው አታስቀይምም ይሉኛል። እንደዚያ ሲሉኝ የማያት ያችን እጅ ለእጅ የምትዞር ልጅ ነው። እኔ ላይ ጉዳት የሚያመጣ ቃል ሲሆን ዝም እንደምል፣ የሚጠቅመኝ ሲሆን ግን አፌ እንደማይያዝ ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም።

ለታይዎ መልስ አምስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት። ዙሪክ ውስጥ አንድ የቤተ ክርስቲያን ስም ብልክላት እኮ ያልቃል። ኢያ ሄዳ ሻማዋን ታበራለች፣ ደስ ብሏት ትገባለች። አድራሻ ፈልጌ እስከ ማግኘት ደርሼ ነበር። ከዚያ በባዕድ ቤት ቆማ፣ ለማያውቋት ሰዎች ልጇን ባርካችሁልኛል ብላ ስታመሰግን ታየችኝ። ባለፈው እሁድ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ።

ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል። ኢያ ጸጉሯ ሸብቷል፤ ሳቋ ግን ያው ነው፤ አቅፋ አስገባችኝ። ሳልቀመጥ ነገርኳት። ኦርሊኮንን፣ ጠረጴዛውን፣ መብራቱን። አጣራችኝ፣ አንድ በአንድ።

«ስንት ሰው ያዛት?»

«አሥራ አንድ።»

«ስሟን ያወቁ አሉ?»

«አልነገርኳቸውም ኢያ።»

«ልብሷን ማን አወለቀ?»

«እኔ።»

ስለ ብርጭቆ ወረቀቱም ነገርኳት። እሱን ስትሰማ የቀኝ እጇን ጣቶች ተመለከተች። ታይዎ የማእድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር፤ «እኔ ያን ማታ የበላሁት ተባርካ መጣች ስላላችሁኝ ነው» አለችና ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ከታች ትራሙ ሲያልፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ኢያ ተነሥታ ከአንዱ ካርቶን አዲስ የተሰፋች ቀሚስ አወጣች፣ ሰማያዊ፣ ለመንገድ የተዘጋጀች። ኬሂንዴን ከመደርደሪያው አንሥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠቻት።

«አልብሻት» አለችኝ። «እንዴት እንዳለበስሻት ልይ።»

ፊቷ ከያኔው ይበልጥ አልቆ፣ ዓይኖቿ ብቻ ቀርተዋል። የቤት ቀሚሷን ፈታሁ፤ አሁን የምታየን እናቷ ናት። ሰማያዊውን አጠለቅኩላት፣ ወገቧ ላይ አዙሬ ከኋላ አሰርኩት። አጥብቄ፣ የምችለውን ያህል በጥንቃቄ አሰርኩት፤ ከዚያ በሁለት እጄ ለእናቷ ሰጠኋት።

ይቅር ብላኝ እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አላለችም። ኢያ ቋጠሮውን ለጥቂት ጊዜ አየችው። ፈታችውና ራሷ አሰረችው።